ያልለቀቀው ማሰሪያ

ባለፈው ኅዳር፣ የአርሲ ስንዴ ቢጫ ለብሶ ኮምባይነር በሚጠብቅበት ሰሞን፣ ታላቅ ወንድሜን ጀማልን ሲቲ ስካን ለማስነሳት አሰላ ውስጥ ወዳለ አንድ ሕክምና ቤት ይዤው ሄድኩ። ከክረምት ጀምሮ የያዘው ሳል አልለቅ ብሎት ነበር፤ ሐኪሙም ሳንባው ላይ ያየው ጥላ ደስ አላሰኘውም። ተራችን ደርሶ ስንገባ አንዲት ወጣት ነርስ መድኃኒት የሚተላለፍበትን ቀጭን ቱቦ ከማሸጊያው አወጣች፤ ወደ መስኮቱ ዞር ብላም በማሸጊያው ላይ የታተመውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች።

«ይሄ ግፊት አይችልም፤ የግሉኮስ ነው። ማነው እዚህ የቀላቀለው?» አለችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ሌላ አወጣች፤ ያንንም አነበበች።

ጀማል የተጣለውን ቱቦ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ጫማውን።

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ግራኝ ሆኜ ግን አልተወለድኩም። እንዴት እንደ ሆነ ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ዝምተኛ ነኝ፣ የምሠራውም ዝምታ በሚወደድበት በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ያቺ ነርስ ቱቦውን ስትጥለው ግን አንድ የበልግ ጠዋት እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ የጋሪው ፈረስ ላብ ሽታ ሳይቀር።

የተወለድኩት ሳጉሬ ነው። እናታችን፣ አዮ ነበር የምንላት፣ በገበያ ቀን እህል እየገዛች የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። አባታችንን አላውቀውም። ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ነው። የብቅል ገብስ የሚሞላባቸው ጆንያዎች ጎናቸው ላይ ጽሑፍ ነበራቸው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሰው ሲያነባቸው የሰማሁትን ይዤ በጣቴ እየተከተልኩ ፊደልን ከፊደል አመሳክር ነበር። ጀማል አስቀድሞ አሰላ ገብቶ ጎሚስታ ሆኖ፣ መንገድ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ ከፍቷል። አንድ የገበያ ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ጆንያ ላይ አጎንብሼ አገኘኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«አነባለሁ።»

«እስቲ ምን ይላል?»

ነገርኩት። ጎማ የሚያነሳ ጥቁር እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ «አዮ፣ ይቺን ልጅ እወስዳታለሁ» አለ።

እኩዮቼ ስምንተኛ ክፍል በደረሱበት ጊዜ እኔ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። ልጆቹ «አክስቴ፣ እርሳስ አለሽ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ግን እርሳስ ነበረኝ፤ ያውም ሁልጊዜ የተቀረጸ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አይሮጥበትም፤ እያንዳንዱን እንደ ድንጋይ ጠርቦ ነው የሚያስቀምጠው። የጽሑፌን ውበት ሰው ማውራት ጀመረ። የሰፈር ሰው ማመልከቻ ሊያጽፈኝ ይመጣል፤ መምህራን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ያስጽፉኛል። ጀማልም አንድ ቅዳሜ ነጭ ቀለምና ብሩሽ አምጥቶ የሱቁን በር ሰጠኝ። «ጎሚስታ ጀማል፤ ጎማ እንጠግናለን» ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ በኋላ ጎማ ሊያስነፋ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ፣ «ይሄን ማን እንደ ጻፈው ታውቃለህ?» የሚለውን የጀማልን ጥያቄ ሳይመልስ አይሄድም ነበር።

በኋላ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ። የመልቀቂያ ፈተናው ሲቃረብ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ሕመም ጀመረኝ። መጀመሪያ ቀበቶ ያጠበቅሁ ይመስለኝ ነበር፤ ቆይቶ ትኩሳት ተጨመረበት። አልጋ ያዝኩ። ሐኪሙ ጉበቴ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት እንዳለ ጠርጥሮ፣ ከመቅደዱ በፊት በሲቲ ስካን ሊያየው ፈለገ። ማሽኑ ያኔ ለከተማው አዲስ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራው አውሮፕላን አርፎ እንደሚጠብቀው ዓይነት ነበር።

ደም ሥሮቼ መርፌ ሲያዩ የሚሸሹ ናቸው። ከተኛሁ ጀምሮ ነርሶቹ ሲወጉኝ ሲነቅሉ ግራ ክንዴ ከአንጓው እስከ ብብቱ በልዞ ነበር። በመጨረሻ ቀኝ እጄ ጀርባ ላይ አንዲት ቀጭን፣ ራሷ ሰማያዊ የሆነች ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የምትቀር ቱቦ፣ ገባችልኝ፤ በፕላስተር ለጠፏት። ከዋለች ካደረች በኋላ ዙሪያዋ ቀላ ብሎ ነበር፤ ግሉኮስ ሲንጠባጠብላት ግን ቀስ እያለች ትወስዳለች። አዮ ያቺን ካኑላ እንደ እንቁላል ነበር የምትጠብቃት። ልብስ ሲቀየርልኝ እንኳ «እጇን! እጇን!» እያለች ሰው ታስደነግጥ ነበር።

ማሽኑ ያለበት ቤት ከተኛሁበት ትንሽ ራቅ ይላል። በዚያ ጠዋት ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ ሲዘንብ አድሯል። ባጃጆቹ ጭቃውን ፈርተው በዋናው መንገድ ብቻ ስለሚሠሩ ጀማል ጋሪ ይዞ መጣ። አዮ ጩኮ በጣሳ ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች፤ በቅቤ የታሸው ገብስ ሽታ፣ ሆዴ ምግብ በማይቀበልበት በዚያ ሰዓት እንኳ፣ አፌን ውሃ አስሞላው። ባለጋሪው ሲያየን ጅራፉን ብብቱ ሥር ከተተና ፈረሱን በምላሱ እያናገረ በእርጋታ ነዳ። መንገዱ ግን እርጋታ አያውቅም። ጋሪው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጎኔን ስለሚወጋኝ በቀኝ እጄ የጋሪውን ጠርዝ ጨብጬ እደገፍ ነበር።

«በግራሽ ያዢ!» ትለኛለች አዮ።

ግራዬ ግን በልዟል። የምይዝበት ሌላ እጅ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው፣ ካኑላዋ ከደም ሥሬ ሾልካ የወጣችው እዚያ መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ከላይ ሲያዩዋት በፕላስተሯ ሥር እንደ ነበረች አለች።

በማሽኑ ቤት ሁለት ሰዎች ተቀበሉን። ሲስተር ወይንሸት ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ሰለሞን ደግሞ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ባለሙያ ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ሰለሞን እጄን አገላብጦ አየ።

«ይቺ ቀጭን ናት፤ ማሽኑ ደግሞ መድኃኒቱን በኃይል ነው የሚገፋው። ክንዷ መታጠፊያ ላይ ወፈር ያለች ብናስገባላት ይሻላል» አለ።

ሲስተር የግራ እጅጌዬን ገና መግለጥ ስትጀምር አዮ በመካከላችን ገባች።

«አይሆንም! ልጄን ወንፊት አደረጋችኋት እኮ! ይቺው ትሠራ የለም እንዴ? ጠዋት ግሉኮስ ሲገባባት ነበር።»

«ማዘር፣ ለእሷው ብለን ነው።»

«በአላህ ይዤሻለሁ። አንቺም እናት ይኖርሻል።»

ሲስተር የበለዘውን ክንዴን አየች። እጅጌዬን መልሳ አወረደችው። በእኛ ዘንድ የሕክምናው ግማሽ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አስታማሚ ይማጸናል፣ ባለሙያ ይራራል፤ በርኅራኄ የተተወውን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም መልሶ አያነሳውም። ሲስተር ያቺን ካኑላ በትንሽ የጨው ውሃ እንኳ ሳትሞክራት ቀረች። ለማሽኑ የተሠራው ቱቦም አልቆ ነበር። «በግሉኮሱ ቱቦ ነው ሰሞኑን የምንሠራው፤ እስካሁን አላሳፈረንም» አለችና ከእኔ ካኑላ ጋር አገናኘችው።

አልጋው ላይ አስተኙኝ። ሰለሞን ከመስታወቱ ጀርባ ሄደ፤ ሲስተር ለመጀመሪያዋ አፍታ አጠገቤ ቆመች። ማሽኑ እንደ ንብ ድምፅ አሰማ። ወዲያው «ጧ!» አለ። ቱቦው ከመጋጠሚያው ተነቅሎ እንደ እባብ ዘለለና ያ እንደ ማር የሚያጣብቅ መድኃኒት ሲስተርን ከሻሿ እስከ አገጯ አለበሳት።

ከዚያ ሲስተር ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገችና፣ «ሰለሞን፣ ና ቅመስ፤ ያንተ ነገር ሁሉ ቀድሞ እኔ ላይ ነው የሚፈሰው» አለች። ሰለሞን በሩን ከፍቶ ሲያያት ሳቁ አመለጠው። ከኋላው የቆመው ጀማልም ሳቀ፤ አዮም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔም ጎኔን ይዤ ሳቅሁ። ቀኝ እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ የሳቅሁት የመጨረሻ ሳቅ ስለ ሆነ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

«ካኑላዋ ናት ወይስ ቱቦው?» አለ ሰለሞን።

«መጋጠሚያው ነው የለቀቀው።» ሲስተር መልሳ ገጠመችውና በፕላስተር ልትጠቀልለው ሞከረች። መድኃኒቱ ስላረጠበው ፕላስተሩ አልይዝ አለ፤ ዞረ፣ ተላጠ።

ጀማል በር ላይ ቆሞ ያያል። ጎሚስታ ነውና የሚያፈተልክ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

«ሲስተር፣ ልሞክረው?»

ከኪሱ ቀጭን የካላማዳሪያ ቁራጭ አወጣ፤ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ የሚቆርጠው፣ የተበሳ ቱቦ፣ የላላ የውሃ ጎማ፣ የብስክሌት እቃ ማሰሪያ፣ ሁሉን የሚያስርበት ነው። የሹፌሮች ሁሉ መድኃኒት እሱ ነበር። ሲስተር አመነታች። «ንጹሕ ነው?» አለች። በአልኮል ጠረገችለት።

ከዚያ አሰረው። ሲያስር ማየት እወድ ነበር። ላስቲኩን በእያንዳንዱ ዙር እስኪነጣ ይስበዋል፤ ዙሩን በዙር ላይ ያስተኛል፤ ጫፉን በመጨረሻው ዙር ሥር አሾልኮ አንዴ ይጎትተዋል። ያለ ቋጠሮ ይቆያል፤ በተገፋ ቁጥር ይጠብቃል።

«ጎትቺው» አላት።

ሲስተር ጎተተችው። ንቅንቅ አላለም።

«እዚሁ እንቅጠረው እንዴ?» አለ ሰለሞን።

ጀማል ወደ እኔ ዝቅ ብሎ ግንባሬን ነካኝ። «አሁን ከፈለጉ ሲኖትራክ ይጎትቱበት። የኔ ማሰሪያ አይለቅም፤ አይዞሽ።»

መጋጠሚያው ለምን እንደ ተነቀለ በዚያ ክፍል ውስጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጀማል ሱቁ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር። የሚነፋ ጎማ ከመጋጠሚያው ሲያፈተልክበት መጀመሪያ የሚያየው ነፋሱ የሚገባበትን ጫፍ ነው፤ ነፋሱ መግቢያ ቢያጣ አይደል ወደ ደካማው ቦታ የሚሄደው። በዚያ ቀን ግን ጎሚስታ አልነበረም፤ ወንድም ነበር፤ እህቱ ጎኗን ይዛ ተኝታለች፣ የሚፈታው ነገርም በእጁ ያለ መስሎታል።

ሰለሞን መጥቶ ነገረኝ። «አሁን ሙቀት ይሰማሻል። አትፍሪ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። እንዳትንቀሳቀሺ፤ ከተንቀሳቀስሽ ምስሉ ይበላሽና እንደገና ልንጀምር ነው።»

አዮ ከበሩ በኦሮምኛ፣ «ኦብሲ፣ ልጄ» አለችኝ። ቻይው ማለቷ ነው። «አንቺ ከድሮም ቻይ ነሽ።»

ሁሉም ወጡ። ሲስተርም በዚህ ጊዜ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ከባዱ በር ተዘጋ።

ሙቀቱ መጣ። እጄ ጀርባ ላይ ነበር የጀመረው፤ እንደ ፍም። እየጠበቅሁ ዝም አልኩ፤ ሰለሞን ብሎኛልና። ሙቀቱ ወደ ሌላው ሰውነቴ ይሄዳል ብዬ ብጠብቅ አልሄደም፤ እዚያው ከረረ። እጄ ውስጥ አንድ ሰው በጉልበቱ ቆሞ ግድግዳውን የሚገፋ መሰለኝ። «አትተንፍሺ» አለኝ ከጣሪያው ድምፅ፤ አልተነፈስኩም። ሲያመኝ የማደርገው አንድ ነገር አለኝ፤ በልቤ ሀሁ እላለሁ። ሀ ሁ ሂ ብዬ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ፊደል በዓይኔ ፊት ጠርቤ፣ ጎኑን አስተካክዬ አስቀምጣለሁ። «መ» ላይ ስደርስ የምጽፍበት ጣቴ የት እንዳለ ጠፋኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ቻይ ነኝ። አዮ በበሩ ማዶ ቆማለች።

መድኃኒቱ ሆዴ ውስጥ መታየት ሲገባው ምስሉ ላይ አልታየም። ሰለሞን ያን ሲያይ በሩን በትከሻው ከፍቶ ገባ። ፊቱን አየሁና ነው እጄን ያየሁት። እጅ አልነበረም። ከአንጓው እስከ ጣቶቼ ሥር ድረስ ተነፍቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ጣቶቼ ከዚያ እብጠት ውስጥ ነጭ ሆነው እንደ ሻማ ወጥተዋል።

«ለምን አልጮህሽም?» አለኝ።

«ይሞቃል ብለኸኛል» አልኩት።

ሲስተር እየሮጠች መጣች። ቱቦውን ከካኑላዋ ልትነቅለው ብትሞክር ማሰሪያው አልለቀቀም። «ጀማል!» አለች። ጀማል ገባ። የራሱን ማሰሪያ ሊፈታ ጎንበስ አለ፤ ጣቶቹ ጫፉን ፈልገው አጡት። ጎትቶ አስገብቶታልና። በመጨረሻ ሲስተር በመቀስ ቆረጠችው፤ ላስቲኩ ተስፈንጥሮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። እጄን ከፍ አድርገው አንጠለጠሉት። ጣቶቼን ቢቆነጥጡኝ አይሰማኝም። ቀዶ ሐኪሙ ለሥራ ወጥቶ ነበር፤ እስኪመጣ ጠበቅን። ሲመጣ ግፊቱ እንዲወጣ የእጄን ጀርባ በሁለት ረጃጅም መስመር ከፈተው። ስነቃ አዮ አልጋዬ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጩኮው ያለበትን ጣሳ ሳትከፍተው ታቅፋዋለች። ሲስተር ወይንሸት በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቷ በፊት ትመጣ ነበር። አልጋዬ ግርጌ ትቆማለች፤ ፋሻዬን ታያለች፤ ተመልሳ ትሄዳለች። አዮ አንድ ቀን እንድትቀመጥ ወንበር ሰጠቻት። ተቀመጠችና አለቀሰች። አዮ አብራት አለቀሰች።

ሆዴን በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ካኑላ መርምረው ቀደዱኝ፤ የቋጠረውን አወጡልኝ፤ ዳንኩ። ሐኪሙ «ዕድለኛ ነሽ» አለኝ። ከሆዴ አንጻር ልክ ነበር። አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና መካከለኛው ጣቴ ግን እንደ ተገተሩ ቀሩ። ብዕር ስይዝ ይወድቃል። ሳነሣው ይወድቃል። የፈተናው ሰሞን መስኮቴ አጠገብ ተቀምጬ የክፍል ጓደኞቼ በዝናብ መሀል እርሳሳቸውን ደረት ኪሳቸው ሰክተው ሲያልፉ አየኋቸው። አንዷ እጇን አወዛወዘችልኝ። ልመልስላት አነሣሁና የትኛውን እጅ እንዳነሣሁ አይቼ አወረድኩት።

ጀማል ሐኪም ቤቱን አንድ ቀን ከሶ አያውቅም። ሰዎች «ክሰስ» ሲሉት «ማንን?» ይላቸው ነበር። ሱቁ ውስጥ በሚስማር ላይ ተንጠልጥለው የነበሩትን የካላማዳሪያ ቁርጥራጮች አንድ ቀን ጠራርጎ አቃጠላቸው፤ ሽታው ሰፈሩን አወከ። ከዚያ ወዲህ ጎማ ይለጥፋል፣ ይነፋል፤ አያስርም። የድሮ ደንበኛው የሆነ የጭነት ሹፌር የራዲያተር ቱቦ ይዞ መጥቶ፣ «ጀማል፣ ያንን ማሰሪያህን አስርልኝና ዴራ ልድረስ» ሲለው አጠገቡ ነበርኩ።

«ሌላ ጋ ሂድ።»

«አንተን የሚያክል ማን አለና?»

«ሌላ ጋ ሂድ አልኩህ!» ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። የማይታጠፍ ጣት እንጀራ አይቆርስም፤ እኔም ቤት ውስጥ በግራዬ መብላት ጀመርኩ። በእኛ ዘንድ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ምሳ ላይ የመጣች ጎረቤት ዓይኗን ከእጄ መንቀል አቃታት። ጀማል ቀኝ እጁን ከማዕዱ አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና በግራው ቆርሶ ጎረሰ። ጎረቤቲቱ ስትሄድ «ተው፣ ጋሼ፣ ነውር ነው» አልኩት።

«ለማን?»

«ለአንተ። አንተ እጅ አለህ።»

«አለኝ» አለ። «እሱ ነው ችግሩ።»

ማንኪያ ገዛሁ። በማንኪያ መብላት ስጀምር እሱም ወደ ቀኙ ተመለሰ።

በግራ እጅ መጻፍ ከጆንያው እንደ መጀመር ነው። ፊደሎቼ ወደ ኋላ ተንጋለሉ፤ ሀ የሰከረ መሰለ። ብዙ ደብተር ፈጀሁ። በኋላ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ኮሌጅ ገባሁ፣ መጻሕፍት መሀል ሥራ አገኘሁ። የመጻሕፍቱን ጀርባ መለያ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ ዛሬ ንጹሕ ነው፤ ያኛው የቀኝ እጄ ጽሑፍ ግን አይደለም። ያኛው የቀረው የጀማል ሱቅ በር ላይ ነው። ቆርቆሮው ዝጎ የ«ጎ» እግር ተበልቷል። ልጆቹ «አባባ፣ እናስቀባው» ቢሉት አይሰማም።

ቤተ መጻሕፍት ከገባሁ በኋላ የሕክምና መጻሕፍት ስናወጣና ስናስገባ፣ እጄ ላይ የሆነውን ነገር ፈልጌ አነበብኩ። ቱቦው የግፊቱን ልክ መቻሉ በላዩ ካልተጻፈ እንደማይገጠም፤ ካኑላው አስቀድሞ በጨው ውሃ እንደሚፈተሽ፤ የእጅ ጀርባ ላይ ያለ ቀጭን ካኑላ ለዚህ ሥራ እንደማይታመን፤ በሽተኛው «ሲያቃጥልህ ጩኽ» መባል እንዳለበት። ጀማል ማንበቤን አወቀ። አንድ ቀን ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን፣ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ እየፈለገ፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ማሰሪያው ባይይዝ ኖሮስ? መጽሐፉ ምን ይላል?»

ስለዚህ ነገር ልዋሽለት ብፈልግ እንኳ አልችልም፤ የኔን ዝምታ ከማንም በላይ ያነበዋል።

«መድኃኒቱ መሬት ይፈስ ነበር» አልኩት።

ጎማውን ውሃ ውስጥ አዞረው። አረፋ አልወጣም። «እ» አለ። ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።

እናም ባለፈው ኅዳር ያቺ ወጣት ነርስ ትክክለኛውን ቱቦ አግኝታ፣ አንብባ፣ ወደ ጀማል ዞረች።

«አባባ፣ የቱ እጅዎ ይሻልዎታል? አብዛኛው ሰው የማይሠራበትን ነው የሚሰጠኝ።»

ጀማል የቀኝ እጅጌውን ጠቅልሎ እስከ ክርኑ ገለጠ።

«ግራውን ይሁን፣ ጋሼ» አልኩ።

«ቀኙን።»

«አባባ፣ በቀኝዎ ነው አይደል የሚሠሩት?» አለች ነርሷ።

«አዎ። በእሱ ነው የሠራሁት።» እጁን ወደ እሷ ዘረጋው። መዳፉ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ ተከፍተው። ዕድሜ ልኩን ሊከፍል ይዞት የዞረውን ነገር በመጨረሻ የሚቀበለው ሰው ያገኘ ይመስል ነበር። እሷ አልገባትም። እኔ ገባኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ክንዱ መታጠፊያ ላይ ወፈር ያለች ካኑላ አስገባች። በጨው ውሃ ሞከረቻት፤ ሁለት ጣቷን ቆዳው ላይ አሳርፋ እስክትረካ ጠበቀች። «ሙቀት ይሰማዎታል፤ ግን እጅዎ ላይ ብቻ ካቃጠለዎት ይጩሁ። አይቻሉት፣ እሺ? እኔ ከደጅ እሰማዎታለሁ፤ እናቆመዋለን» አለችው። አይቻሉት። ይህን ቃል በሐኪም ቤት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ ማሽኑ ሲያስገባው፣ ሲያስወጣው አየሁ። ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ። አልጮኸም፤ የሚያስጮኸው አልነበረም። ሲያወጡት ቀና ብሎ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ፊቱ ላይ አምጥቶ ጨበጠው፤ ዘረጋው፤ ደግሞ ጨበጠው። ሁሉም ጣት ታዘዘ።

«ምንም አልሆነም» አለኝ። ድምፁ የደስታ አልነበረም። በር አንኳኩቶ የሚከፍትለት ያጣ ሰው ድምፅ ነው።

«ምንም አልሆነም፣ ጋሼ» አልኩት።

የሳንባው ውጤት ገና አልደረሰም፤ ይህን ስጽፍ እየጠበቅን ነው። ሰው ስለ ይቅርታ ብዙ ያወራል። እኔ ይቅር የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም፤ እሱ ደግሞ የሚቀበለው ቦታ የለውም፤ እንዲህ ሆነን አረጀን። ያን ቀን ነርሷ ካኑላውን ነቅላ ጥጥ አስቀመጠችና «አንድ ሰው ይጫንላቸው» ብላ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች። ግራ እጄ ካርዱንና ኮቱን ይዟል። ስለዚህ በቀኙ፣ በእነዚያ በተገተሩት ጣቶች፣ ጥጡን ክንዱ ላይ ተጫንኩት። ጀማል አየኝ፤ ክንዱን ሊስብ ሲል አጠበቅሁበት። ለመጫን ጣት መታጠፍ አያስፈልገውም። ደሙ እስኪቆም እንደዚያው ቆምን።